ዕጣ ትናንትን አያውቅም

ሻዩ ለሁሉም ደርሷል? ያልደረሰው ካለ እጁን ያውጣ፤ ዛሬ አስተናጋጁ እኔ ነኝ። ቅድም ትሪውን ይዤ ስገባ ጸሐፊያችን አይታኝ «ዛሬም ለአንተ ወጣ?» ብላ ስቃብኛለች። አልመለስኩላትም። መልሱን ስጨርስ እነግራታለሁ።

ጋሼ ዕጣ፣ እትዬ፣ ልጆች፣ ክብርት ዳይሬክተራችን፣ ባልደረቦቼ፤ ወደ ጋሼ የጡረታ ሽኝት እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጋሼ ከስልክ ጥገና ተዛውረው እኛ ዘንድ የመጡት የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ነው። በሩን ከፍተው ሲገቡ ያዩትን ላስታውሳችሁ። አምስት ደህና ደህና ሰዎች አንድ ኮምፒውተር ከበናል። የጥገና ሠራተኛው ማውዙን እንደ ልብስ ያሻል። ሹፌሩ ኪቦርዱን በሁለት እጁ ይደበድባል። ሌሎቻችን ከኋላ ቆመን ተራ እንጠብቃለን፤ ሁላችንም ላብ በላብ ነን። ጋሼ ትንሽ ቆመው አዩንና «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉ። እኔ ዞር እንኳ ሳልል «ኢንትሮፒ!» አልኳቸው።

ቦርሳቸውን ወንበር ላይ አስቀመጡ። ሱሪያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ተንበርክከው ከጠረጴዛው ሥር ገቡ። አቧራውን በእጃቸው ሲዳስሱ ቆይተው፣ እዚያው ሆነው፣ «ቀለሙ ምንድን ነው?» አሉን።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም በወረቀቴ ላይ «እዚህ ጋ ይስቃሉ» ብዬ ጽፌያለሁ። ግን የማወራው ሁሉ ቀልድ አይደለም። ምክንያቱን አልደብቃችሁም። ከምሳ በኋላ ጋሼ ኮሪደር ላይ እጅጌዬን ያዙኝና «ያንን ነገር እንዳታነሳ። ቀልድህን ቀልደህ ተቀመጥ» አሉኝ። «እሺ» አላልኩም። ይኸው አሁንም ራሳቸውን እየነቀነቁብኝ ነው። ጋሼ፣ አይነቅንቁብኝ። ቀልዱን እቀልዳለሁ፤ መቀመጡን ግን ቃል አልገባሁም።

ለእንግዶቻችን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የእኛ ክፍል ለክሊኒኮች ቁልፍ ይሠራል። የብረት አይደለም፤ ረጅም የቁጥር ቁልፍ ነው። ክሊኒኩ የሕመምተኛን ውጤት ሲልክ በዚያ ያሽገዋል፤ መልእክቱ መንገድ ቢስት እንኳ ሌላው አይከፍተውም። እንግዲህ ቁልፉ ማንም ሊገምተው የማይችል መሆን አለበት። ኮምፒውተር ደግሞ ታዛዥ ነው፤ የነገሩትን ይሠራል እንጂ ከራሱ ያልተጠበቀ ነገር አያመጣም። ስለዚህ ያልተጠበቀውን ከውጭ ይለቃቅማል፤ ማውዙ ከሚሄድበት መንገድ፣ ጣት ኪቦርዱን ከሚነካበት ቅጽበት። ኢንትሮፒ የምንለው ይህንን ጥርቅም ነው። ሲጎድልበት ማሽኑ ቀጥ ይልና «ይጠብቁ» ብሎ ይጽፋል። እኛም ማውዝ እናሻለን።

ጋሼ ከጠረጴዛው ሥር በወጡ በሦስተኛው ወር ከሁላችን የተሻለ ገባቸው። አንድ ቀን ከኪሳቸው አውራ ጣት የማታክል መሣሪያ አወጡና ማሽኑ ላይ ሰኩ። አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሹፌሩ ወዲያው «ትንኟ» አላት፤ ስሟ በዚያው ጸና። ጋሼ ያስረዱንን አልረሳውም። የስልክ መስመር ላይ ማንም ሳይናገር የሚሰማ ሹክሹክታ አለ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እሱን ለማጥፋት ሲታገሉ ኖረዋል። ትንኟ ግን ያንኑ የኤሌክትሪክ ሹክሹክታ እየሰማች ወደ ቁጥር ትለውጠዋለች። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እሷም አታውቅም፤ የሠራትም አያውቅም። «ስጠላው የኖርኩት ጫጫታ እንጀራ ሆነኝ» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማውዝ ያሸ ሰው የለም።

አመላቸውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ትንኟን «እንዴት አደርሽ?» ሳይሉ ኮታቸውን አያወልቁም። በየጠዋቱ አንድ ሺህ ቁጥር ያስወጧትና በእርሳስ እየቆጠሩ አንዱ ከሌላው በዝቶ እንደሆን ያያሉ። ሐኪም እንዲህ ቢመረምረን ማናችንም አንታመምም ነበር።

የሻዩ ጉዳይ አለ። ትንኟ ከመጣች ጀምሮ ክፍላችን ውስጥ ሻይ የሚያፈላው በዕጣ ነው። ስድስት ነን፤ ስማችን ከነቁጥራችን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የእኔ ቁጥር አራት ነው። ጠዋት ማሽኑ እንደበራ የመጀመሪያው ሥራው ከአንድ እስከ ስድስት አንድ ቁጥር ማውጣት ነው፤ ቁልፍ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሰሞን ለሹፌሩ ሦስት ቀን በተከታታይ ወጣና አኮረፈ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እኔን ይዞኛል» አላቸው። ጋሼ ብርጭቋቸውን እያማሰሉ «ዕጣ ትናንትን አያውቅም» አሉት። ትናንት ለአንተ ወጣ ብሎ ዛሬ አይራራልህም፤ የሚራራልህ ከሆነ ዕጣ አይደለም ማለታቸው ነው። ይህችን አባባል ያልሰማ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ የለም፤ «ጋሼ ዕጣ» ያልናቸውም በእሷ ነው። እትዬ እንደነገሩኝ ቤትም ውስጥ ዕቃ አጣቢው የሚለየው በሳንቲም ነው፤ ልጆቹ ሲያለቅሱም መልሱ ያው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ወረቀቴ ላይ አልተጻፈም።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ስለሆነው ነገር ሁላችሁም የምታውቁት ታሪክ አለ። ሠላሳ አምስት ክሊኒኮች የተበላሸ ቁልፍ ተሰጣቸው፤ ጥፋቱ የጋሼ ነው ተባለ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ሊሰጣቸው የነበረው የመምሪያ ኃላፊነትም ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሥራ ግምገማቸው ላይ «ከባድ ጥፋት» የሚል መስመር አለ። እትዬ፣ እርስዎ አዋላጅ ሆነው የሚሠሩበት ክሊኒክ ከሠላሳ አምስቱ አንዱ ነበር። ባልደረቦችዎ «የባልሽ ቁልፍ» እያሉ ስንት ጊዜ እንደወጉዎት ሰምቻለሁ። በየጊዜው አንገትዎን ደፍተው ያልፉ ነበር።

ያ ጥፋት የጋሼ አይደለም። የእኔ ነው።

ጋሼ፣ ይቀመጡ። እባክዎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሠላሳ አምስቱ ክሊኒኮች ቁልፍ በአንድ ሳምንት እንድንሠራ ታዘዝን። ትንኟ ደግሞ ቁጥሯን የምታንጠባጥበው በዝግታ ነው። ከአለቃ ቢሮ ሁለት ጊዜ ተደወለ። ማሽኑ «ይጠብቁ» ባለ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። የክሊኒኮቹን ሰኞ ልንጀምር፣ አርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ትንኟ ያወጣችውን ቁጥር ግማሽ ቀን ሙሉ ወደ ፋይል ቀዳሁት፤ ማሽኑም ከእሷ ፋንታ ከፋይሉ እንዲያነብ አደረግኩ። አልተኛሁም፤ ፈተሽኩት። ቁጥሮቹን የጋሼ ፈተና ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ሁሉንም አለፉ። ለምን አያልፉ? ንጹህ የትንኟ ቁጥሮች ናቸው። ንጹህነታቸው ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ማሽኑ በየጠዋቱ ሲበራ ፋይሉን እንደገና ከመጀመሪያው መስመር ያነባል። የወጣን ዕጣ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ በየቀኑ ያንኑ ወረቀት እያነበቡ ዕጣ አወጣሁ እንደማለት ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ እንኳንስ ልለቅም መፍሰሱንም አላየሁ።

ሰኞ ጋሼ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ሄደው አልነበሩም። ማሽኑን እኔ አበራሁ። ሻይ፦ አራት ቁጥር። እኔ። ከዚያ ሰባት ቁልፍ ሠራን። ማክሰኞ፦ አራት ቁጥር። ሰባት ቁልፍ። ረቡዕ አራት ቁጥር ሲወጣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሐሙስ ጸሐፊያችን «ይሄ ልጅ ሻይ ቤት ይክፈት» አለች። ጋሼም እየሳቁ ያቺኑ አባባላቸውን አሉ። የጠዋት ቆጠራቸው በቀጥታ ከትንኟ ስለሆነ ምንም አላሳያቸውም፤ እሷም መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች፤ ማሽኑ እንደማይሰማት ማን ይጠረጥራል?

እዚህ ጋ ጋሼም የማያውቁት ነገር አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየው እሱ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ ፋይሉን የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ሳላውቅ ያደረግኩት ስህተት ነው ብለው ነው ይቅር ያሉኝ። ግን የዚያው ሳምንት አርብ፣ ሁላችሁም ምሳ ስትወጡ፣ እኔ ቀረሁ። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። አራት። ደግሜ አጠፋሁት። አራት። ሦስተኛ አላስፈለገኝም። ገባኝ። በሳምንቱ የሠራነው ሠላሳ አምስት ቁልፍ ሳይሆን ሰባት ቁልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ አምስት ክሊኒክ እጅ ውስጥ ገብቷል።

ስልኩ ከፊቴ ነበር። ለክሊኒኮቹ ልደውል እችል ነበር። ግን በዚያው ሰዓት ከአለቃ ቢሮ ተጠርቼ «በአምስት ቀን ሠላሳ አምስት! ጎበዝ» ተባልኩ። ኮንትራቴ በወሩ መጨረሻ ሊታደስ ነው። ቤት ውስጥ የሰባት ቀን ልጅ አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይገባ ቀድሜ እገባና በዘዴ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ከዚያም ዓይኔን በጨው አጥቤ የአርብን የከሰዓት ሻይ አዞርኩላችሁ። ጋሼ «የዛሬው ጣፈጠ» ብለውኛል።

ሰኞ ገና በሩ ሳይከፈት ደረስኩ። ጋሼ ቀድመውኝ ገብተዋል። ማሽኑ በርቷል፤ አራት ቁጥር ወጥቷል። ብርጭቆ እንኳ አላነሱም። አጠፉት፤ አበሩት። አራት። እንደገና። አራት። ስድስት ጠዋት አራት ቁጥር ብቻ መውጣቱ ከአርባ ስድስት ሺህ አንዴ የሚሆን ነገር መሆኑን በእርሳስ አስልተው ጠረጴዛው ላይ ጽፈውት ነበር። ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ቀስ ብለው፣

«ዕጣ ትናንትን አያውቅም። ይሄኛው ግን ያውቃል» አሉ።

ፋይሉን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ስሜ ላዩ ላይ ነው። ስልኩን አነሱና እስከ እኩለ ቀን ለሠላሳ አምስቱም ክሊኒክ ደወሉ። ለሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «ቁልፋችሁን አትመኑት። ዛሬ ምንም አትላኩ። ጥፋቱ የእኛ ነው።» አንዳንዱ ይጮኽባቸዋል፤ ጭቅጭቁ እኔ ድረስ ይሰማኛል። እሳቸው ይሰሙና ወደሚቀጥለው ይደውላሉ።

ሃያ ሦስተኛው ላይ እስክሪብቷቸው ቆመ። ቅዳሜ ዕለት የአንዲት አስተማሪ ውጤት በስህተት ወደ ሌላ ክሊኒክ ተልኮ ነበር። መንገድ መሳት በየወሩ የሚያጋጥም ነው፤ ቁልፍ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። በዚያን ቀን ግን የሁለቱ ክሊኒኮች ቁልፍ አንድ ነበርና ተከፈተ። የከፈተችው መዝጋቢ የሴትዮዋ የባል እህት ነበረች። አስተማሪዋ ሕመሟን ከሐኪሟ ሳይሆን ከዘመድ አፍ ሰማች።

ቅዳሜ ነው ያልኳችሁ። እኔ ያወቅሁት አርብ ነው።

በማግሥቱ ጋሼ «ና፣ አብረን እንሂድ» አሉኝ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም። አስተማሪዋ በሩን ስትከፍት የተማሪ ደብተር ታቅፋለች፤ ቀይ እስክሪብቶ ጣቷ መሃል አለ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ስማቸውን ተናግረው፣ ጥፋቱ ከእኛ ክፍል እንደሆነ ነገሯት። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። «ይቅርታውን ሰምቻለሁ» አለች። «የባሌ እህት ያወቀችውን ግን ከእሷ ላይ መልሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ?» ጋሼ «አንችልም» አሉ። በሩን ዘጋችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አውቶቡስ ውስጥ «ጋሼ፣ እኔ…» ብዬ ጀመርኩ። «ነገ በጠዋት ግባ። ሠላሳ አምስት ቁልፍ ይጠብቀናል» ብለው አስቆሙኝ። ፈሪ ነበርኩና መቆሜ ተመቸኝ።

በዚያው ሳምንት አጣሪዎች መጡ። ማን ነው ሲባል ጋሼ «ክፍሉን የምመራው እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙ። ክብርት ዳይሬክተር፣ ደብዳቤውን የጻፉት እርስዎ ነበሩ፤ በቀረበልዎት ነው የፈረዱት፤ አልወቅስዎትም። በኋላ ጋሼን ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። የመለሱልኝን ቃል በቃል ልንገራችሁ፦ «የተባረረ ሰው ስህተቱን ይዞት ይሄዳል። የቀረ ሰው ይጠብቀዋል። ይህንን ስህተት ዳግመኛ የማይሠራ አንድ ሰው ቢኖር አንተ ነህ፤ ታዲያ አንተን ሰድጄ የማያውቅ ሰው ላምጣ?»

እውነታቸውን ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ከትንኟ አጠገብ አልራቅኩም። ዛሬ ሦስት ትንኞች አሉን፤ አንዷ ዝም ብትል ሁለቱ ይናገራሉ፤ ሦስቱም ዝም ካሉ ማሽኑ ቁልፍ መሥራት ያቆማል፤ ከፋይል አንብብ ቢሉትም እምቢ ይላል። ያንን እምቢታ እኔ ነኝ የጻፍኩት። እያንዳንዱን መስመር ስጽፍ በር ላይ የቆመችውን ሴትዮ እያየሁ ነው።

ታዲያ ለምን ዛሬ? ኪሴ ውስጥ ይህች ደብዳቤ ስላለች ነው። ከሰኞ ጀምሮ የጋሼን ወንበር የምይዘው እኔ እንደሆንኩ ትገልጻለች። ይኸው፣ ክብርት ዳይሬክተር፣ ከፊትዎ አስቀምጫታለሁ። ከሥሯ ያለው ሌላኛው ወረቀት ደግሞ የእኔ ነው። የነገርኳችሁ ሁሉ ከነቀኑ ተጽፏል፤ አርብም ጭምር። ፈርሜበታለሁ። ሹመቱን ቢያነሱብኝ፣ ቢያሰናብቱኝም አልቀየምም፤ ሴት ልጄ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ትናንት ማታ ነግሬያታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምነው። ጋሼ ከመዝገቡ ወጥተው ቤታቸው ሳይገቡ «ከባድ ጥፋት» የሚለው መስመር ይሰረዝ። ያንን ወንበር የሚይዝ ማንም ይሁን ማን፣ በሰው ስም ላይ አይቀመጥ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። አድሮ አድሮ አሥራ አንድ ዓመት ማደሩ የእኔ ጥፋት ነው።

ጋሼ፣ ቀና ይበሉ። እንዲህ አንገትዎን ሲደፉ አንጀቴን ይበሉታል። ዛሬ አንገት የሚደፋው እኔ ነኝ። «እንዳታነሳ» ያሉኝ ለእኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። የስልክ ሠራተኛ ሆነው መጥተው ዝምታ ውስጥ ያለውን ድምፅ እንድንሰማ አስተማሩን፤ የእኔን ዝምታ ግን ሳይጠይቁ ተሸከሙልኝ። በስተርጅናዎ ይህንን ሸክም ይዘው እንዲሄዱ አልፈቅድም። ዕጣ ትናንትን አያውቅም ብለዋል፤ እኔ ግን ዕጣ አይደለሁም። አመሰግናለሁ። ስለ እንጀራዬ፣ ስለ ልጄ፣ ሠላሳ አምስት ጊዜ ስለተጮኸብዎ፣ በዚያ በር ፊት ብቻዬን ስላላቆሙኝ።

እትዬ፣ እጅዎን ከእጃቸው ላይ ሲያደርጉ አየሁ። ቤት ስትገቡ «ለእኔ እንኳ አትነግረኝም?» ብለው መቆጣትዎ አይቀርም። ይቆጡ፤ ግን ቀስ ብለው።

አሁን ለጸሐፊያችን መልሷን ልስጥ። ጠዋት ማሽኑን አብርቼ ዕጣውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለት ቁጥር ነው የወጣው፤ አንቺ ነሽ። አልነገርኩሽም። የዛሬውን ሻይ በፈቃዴ ነው ያፈላሁት።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ። ሁላችሁም፤ ሹፌራችንም። ጋሼ ዕጣ፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ሲነሱ ቀኑ ምን እንደሚያመጣ የማያውቁበት፣ ያመጣው ሁሉ ግን ደግ የሆነበት ጊዜ ይሁንልዎ። ጤናው ከእርስዎ ጋር ይሁን፤ እትዬ ከጎንዎ አይጉደሉ፤ የልጅ ልጅ ጫጫታ ቤቱን ይሙላው፤ እሱን ደግሞ ለማጥፋት አይታገሉ። ስምዎ እንደ ገቡበት ቀን ንጹህ ሆኖ ይውጣ።

ለጋሼ።

ይጠጡ እንጂ ጋሼ፤ ይቀዘቅዛል።